የጠቋሚ ኮሜዲ የምትጽፉ ልጆች፣ እነዚህን ስህተቶች ተዉልኝ

መስሪያ ቤቱ ውስጥ ያለውን ሌብነት ስለሚያጋልጥ ሰው ኮሜዲ ለመጻፍ የሚነሱ ልጆች እየበዙ ነው፣ በጣም ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ሁሌ የሀብታም ልጅና የደሃ ልጅ ፍቅር እያየን አንዘልቅም። ግን የሚላኩልኝን ስክሪፕቶች ሳነብ ሁሉም የሚወድቁት ተመሳሳይ ቦታዎች ላይ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ በቴሌግራም የምመልሰውን ነገር አንዴ ሰብስቤ ልጻፈው ብዬ ነው። ምሳሌዬ የስቲቨን ሶደርበርግ ፊልም ዘ ኢንፎርማንት! (ጠቋሚው ማለት ነው) ነው፣ በ2009 የወጣው፣ ማት ዴመን ዋናውን ካራክተር የሚሰራበት (ዓመተ ምህረቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ያላያችሁት መጀመሪያ እዩት፣ መጨረሻውን እናገራለሁና።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ኤዲኤም የሚባል፣ ያኔ ዋና መስሪያ ቤቱ ዲካተር፣ ኢሊኖይ የነበረ ግዙፍ የእህል ማቀነባበሪያ ኩባንያ አለ። ከበቆሎ ከሚያመርታቸው ነገሮች አንዱ ላይሲን ነው፣ የአሳማና የዶሮ መኖ ላይ የሚጨመር አሚኖ አሲድ። ማርክ ዊታከር የዚህ ክፍል ኃላፊ ነበር፣ ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬት ያለው፣ ገና ወጣት፣ ደሞዙ ጥሩ። በ1992 መጨረሻ ላይ ኩባንያው ከጃፓንና ከኮሪያ ተፎካካሪዎቹ ጋር ተመሳጥሮ የላይሲንን ዋጋ እንደሚወስን ለኤፍቢአይ ተናገረ፣ ከዛ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ መቅጃ ደብቆ ስብሰባ እየገባ አለቆቹን ሲቀዳ ቆየ። በጁን 1995 ኤፍቢአይ ቢሮውን ፈተሸ፣ በ1996 ኩባንያው ጥፋቱን አምኖ 100 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፣ እስከዛን ጊዜ ድረስ በአሜሪካ የንግድ ውድድር ወንጀል ትልቁ ቅጣት ነበር። ጉዱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ዊታከር በዛው ሰሞን ራሱ ከኩባንያው ከ9 ሚሊዮን ዶላር በላይ እየዘረፈ ነበር። መጨረሻ ላይ ካስያዛቸው አለቆች ሁሉ የበለጠ እስር የተፈረደበት እሱ ነው።

እንግዲህ ወደ ስህተቶቹ።

ትልቁ ስህተት ጠቋሚውን መልአክ ማድረግ ነው። ይሄን ሳይ እውነት ደሜ ይፈላል። አንድ ልጅ የላከልኝ ስክሪፕት ላይ ዋናው ካራክተር የባንክ ኦዲተር ነው፣ ገና አስር ገጽ ሳይሞላ ቤተክርስቲያን ተሳልሟል፣ ለእናቱ መድኃኒት ገዝቷል፣ ጉቦ መልሷል፣ ጎዳና ላይ ለተቀመጠ ልጅ ምሳውን ሰጥቷል። ከዛ ሌብነቱን አገኘ፣ ከዛ ተገፋ፣ ከዛ አሸነፈ፣ አለቀ። ኮሜዲው የታለ ስለው ዘበኛው አለ አለኝ። ከገጠር የመጣ፣ አነጋገሩ የሚሳቅበት፣ ሊፍት የሚፈራ ዘበኛ! ልጄ፣ ይሄ እኮ ሁለት ፊልም ነው፣ አንዱ ስብከት ነው፣ ሌላው ደግሞ ምስኪን ሰው ላይ መሳቅ ነው፣ ሁለቱ አንድ ስክሪን ላይ ስለዋሉ ኮሜዲ አይሆኑም። ደሞ የገጠር ሰው አነጋገር ላይ መሳቅ ይብቃን፣ እነዚህ ሰዎች ትኬት ገዝተው የሚገቡ ተመልካቾቻችን ናቸው።

ዘ ኢንፎርማንት! ውስጥ ሳቁ ሁሉ የሚመጣው ከራሱ ከጠቋሚው ነው። ሰውየው እውነት ይናገራል፣ እየተናገረም ይዋሻል፣ ሁለቱንም በአንድ አፍ፣ በአንድ ፈገግታ። ለሰው ሁሉ ወላጆቼ በመኪና አደጋ ሞተው ሀብታም ሰው ነው ያሳደገኝ ይላል፣ ወላጆቹ ግን በህይወት አሉ። ራሱን ኤጀንት 0014 ነኝ ይላል፣ የ007ን፣ የጄምስ ቦንድን እጥፍ ጎበዝ ስለሆነ። እየሰለለ መሆኑን ለማንም እንዳይናገር ተነግሮት ሳለ አፉን መያዝ አይችልም። ከሁሉም የሚገርመኝ፣ አለቆቹን እስር ቤት ካስገባ በኋላ ኩባንያው እሱን ፕሬዝዳንት አድርጎ እንደሚሾመው ከልቡ ያምናል! ይሄን የሚያህል ራስን መሸወድ የትኛው ዘበኛ ይሰጣችኋል? የሰረቀው ገንዘብ ሲወጣ ደግሞ በተጠየቀ ቁጥር ብሩ ይጨምራል፣ መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዛ ትንሽ ከፍ፣ ከዛ ሚሊዮኖቹ እየተደራረቡ ይሄዳሉ፣ ጠበቆቹና ኤጀንቶቹ ፊታቸው እየተቀየረ። አንድም ቀልድ አልተነገረም እኮ። የቁጥሩ ማደግ ራሱ ነው የሚያስቀው፣ ምክንያቱም እያንዳንዱን ቁጥር ሲናገር ይሄ የመጨረሻው እውነት ነው በሚል ፊት ነው።

ስለዚህ መጻፍ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ፦ የእናንተ ጠቋሚ የሚደብቀው ምንድነው? ሌባ ይሁን አላልኩም። ሹመት ፈልጎ ሊሆን ይችላል፣ ከአለቃው ጋር የቆየ ቂም ይኖረው ይሆናል፣ ሚስቱ ፊት ጀግና ለመምሰልም ሊሆን ይችላል። ዊታከርን እንኳን ለኤፍቢአይ ተናገር ብላ የገፋችው ሚስቱ ጂንጀር ናት፣ ፊልሙም ይሄን አልደበቀውም።

ከዚህ ተቃራኒው ስህተት ግን የባሰ አደገኛ ነው፣ እሱም ጠቋሚው ውሸታም ስለሆነ ወንጀሉን ራሱን ቀልድ ማድረግ። እነዚህ ሁሉ አሳባቂዎች ናቸው፣ ምቀኛ ናቸው የሚል ፊልም እንዳትጽፉ እለምናችኋለሁ። አገራችን ውስጥ እውነት የተናገረ ሰው ስንት ነገር እንደሚከፍል እናውቃለን። ዊታከር ሌባ መሆኑ የቀዳቸውን ካሴቶች ሀሰት አላደረጋቸውም። ኩባንያው ጥፋተኛ ነኝ ብሏል፣ በ1998 ሁለት ትልልቅ አለቆች በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብለው ታስረዋል። ለመኖው ያለአግባብ የከፈለው ገበሬ ገንዘቡን የተሰረቀው ዊታከር ጥሩ ሰው ሆነም አልሆነም ነው። ፊልሙ ይሄን ከእጁ አይለቅም፣ ሰውየው ላይ እንስቃለን፣ ወንጀሉ ላይ ግን አንስቅም።

ወንጀሉን ድፍን አድርጎ ማለፍ። "ድርጅቱ ውስጥ ከባድ ሙስና አለ" ተብሎ ፋይል ጠረጴዛ ላይ ይወረወራል፣ በቃ። ምን ሙስና? ማን ከማን ጋር፣ በምን ያህል፣ በየትኛው ወረቀት? ተመልካቹ ካልገባው አይስቅም፣ አይፈራምም። የላይሲኑ ነገር እኮ ለማስረዳት ቀላል ነው፣ ተፎካካሪ መሆን የነበረባቸው ኩባንያዎች ሆቴል ክፍል ውስጥ ተቀምጠው አንተ ይሄን ያህል ቶን ትሸጣለህ፣ አንተ ይሄን ያህል፣ ዋጋው ይሄ ይሁን ይባባላሉ። ስብሰባቸው ሰው እንዳይጠረጥር የንግድ ማህበር ስብሰባ አስመስለውታል። ኤፍቢአይ ደግሞ ሆቴል ክፍሉ ውስጥ መብራት ውስጥ ካሜራ ደብቆ ይቀርጻል። ከእውነተኞቹ ቅጂዎች በአንዱ ላይ ባዶ ወንበሮቹን እያዩ ይሄ ለእገሌ ደንበኛችን ነው፣ ያ ለኤፍቢአይ ነው እያሉ ሲሳሳቁ ይሰማል፣ ኤፍቢአይ እያዳመጣቸው። እንዲህ አይነት ነገር ከጭንቅላታችሁ አታመጡትም፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ ነው የሚገኘው። እባካችሁ መዝገብ አንብቡ፣ የኦዲት ሪፖርት አንብቡ፣ የግዥ ክፍል የሚሰራ ዘመድ ካላችሁ ቡና ጋብዙትና ጨረታ እንዴት እንደሚበላሽ አስረዱኝ በሉት።

አክተሩ አስቂኝ መሆኑን እያወቀ ሲሰራ። ዓይን ማፍጠጥ፣ አፍ ማጣመም፣ ሱሪ መሳብ፣ ይሄ ለዚህ አይነት ታሪክ መርዝ ነው። ሶደርበርግ ያደረገውን እዩ፣ ፊልሙን በኮሜዲያን ሞላው፣ ግን አንዳቸውንም አላስቀለደም። ጆል ማክሄል የኤፍቢአይ ኤጀንት ነው፣ ቶኒ ሄል ጠበቃ ነው፣ የስማዘርስ ወንድማማቾች እንኳን፣ አሜሪካ ውስጥ በቀልድ ስንት ዓመት የታወቁት፣ አንዱ የኩባንያው ሊቀመንበር ሌላው ዳኛ ሆነው ቁም ነገራቸውን ይሰራሉ። ተመልካቹ ፊታቸውን ሲያይ ሳቅ ይጠብቃል፣ እነሱ ግን አይሰጡትም፣ ሳቁ ታፍኖ ይቆይና ዊታከር አንድ ነገር ሲናገር ይፈነዳል። ማት ዴመንም 13 ኪሎ ገደማ ጨምሮ፣ ሪዝ አሳድጎ ይታያል እንጂ አንዴም ልሳቅባችሁ አይልም። ሁሉን ነገር በእምነት ነው የሚናገረው። እኛ ጋ ጎበዝ ኮሜዲያን ሞልቷል፣ ግን ስንጠራቸው የምናውቀውን ቀልዳቸውን እንዲደግሙ ነው። አንዱን አምጡትና አቃቤ ህግ አድርጉት፣ አትቀልድ በሉት፣ ምን እንደሚሆን ታያላችሁ።

ሳውንድ ኢፌክት። ከእያንዳንዱ ቀልድ በኋላ የምትገባዋ ድምፅ ትጥፋልኝ። የዚህን ፊልም ሙዚቃ የሰራው ማርቪን ሃምሊሽ ነው፣ ደስተኛ፣ ፈንጠዝያ የበዛበት፣ የድሮ ስለላ ፊልም የሚመስል፣ እና ሲኑ ላይ ካለው ነገር ጋር ሆን ብሎ አይገጥምም። ሰውየው ጭንቅላቱ ውስጥ የሚሰማው ሙዚቃ ነው የሚመስለው። ለቀልዱ ማስመሪያ አይደለም።

ቮይስ ኦቨርን (ካራክተሩ አፉ ሳይንቀሳቀስ ከላይ የሚሰማውን ድምፁን) የታሪክ ማብራሪያ ማድረግ። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጎበዞቹ ልጆች ራሳቸው የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ቮይስ ኦቨር የሚጠቀሙት "ያን ቀን ህይወቴ ለዘላለም ተቀየረ" ለማስባል ነው፣ ማለትም ያየነውን መልሶ ሊነግረን። የዊታከር ድምፅ ግን አያስረዳም፣ ይባዝናል። ኤጀንቶቹ ስለ ምርመራው አንገብጋቢ ነገር እየነገሩት እሱ ውስጥ ለውስጥ ስለ ነጭ ድብ ያስባል፣ በረዶ ላይ ሲያደባ ጥቁር አፍንጫውን በመዳፉ ይሸፍናል፣ ግን አፍንጫው ጥቁር መሆኑን በምን አወቀ? እያለ። መጀመሪያ ስታዩት ዝም ብሎ የሚያስቅ ቅዠት ነው። ሁለተኛ ስታዩት ግን ሰውየው የሚያስበው ስለ መደበቅ መሆኑ ይገባችኋል።

ከዚህ በላይ ያለው ብልሃት ደግሞ ይሄ ነው። እኛ ጭንቅላቱ ውስጥ ስለተቀመጥን ሁሉን የነገረን ይመስለናል፣ የጓደኝነት ስሜት ይሰማናል። ስለ ገንዘቡ ግን ለእኛም አልነገረንም! ፊልሙ ወደ ማለቂያው ሲደርስ ነው ከኤጀንቶቹ እኩል የምንደነግጠው። ስክሪፕቱን የጻፈው ስኮት በርንስ ውሸቱን ከፖሊሱ ብቻ ሳይሆን ከተመልካቹም ደበቀ፣ ደግሞም የደበቀው ሚስጥር መናገሪያ ነው ብለን በምናምነው ድምፅ ነው። ስለዚህ ቮይስ ኦቨር ስትጽፉ ካራክተሩ ምን ይላል ብላችሁ አትጀምሩ፣ ለራሱ እንኳን ምን ብሎ አያውቅም ብላችሁ ጀምሩ።

መርማሪውን ጅል ማድረግ። አይሆንም። ስኮት ባኩላ የሚሰራው ኤጀንት ብራያን ሼፐርድ ደህና ሰው ነው፣ ስራውን ይወዳል፣ ዊታከርን አምኖታል፣ ተከራክሮለታል። ሲታለል ፊቱ ላይ የሚታየው ቁስል ነው ፊልሙን ከቀልድ በላይ የሚያደርገው። የሚታለል ጎበዝ ሰው ከሌለ ውሸቱ ክብደት የለውም።

"በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሰረተ" ብሎ መለጠፍ፣ ነገር ግን ሳያጠኑ። ዘ ኢንፎርማንት! ከርት አይከንዋልድ በተባለ ጋዜጠኛ መጽሐፍ ላይ ነው የተሰራው፣ በ2000 የታተመ፣ ቀልድ ያልሆነ፣ ጠንካራ የምርመራ ስራ። ፊልሙ ሲጀምር አንዳንዱ ሁነትና ካራክተር እንደተቀላቀለ፣ ንግግሩም ለድራማ እንደተሰራ በግልጽ ይነግራችኋል። ነጻነቱን የወሰዱት መጀመሪያ የሆነውን በደንብ ካወቁ በኋላ ነው። እናንተ ደግሞ በህይወት ያለ ሰው ታሪክ ከሆነ ስሙን፣ መስሪያ ቤቱን፣ ሰፈሩን ቀይሩ፣ የህግ ባለሙያም አስነብቡ፣ ይሄ ለድርድር አይቀርብም።

ታሪኩን እዚህ አገር የምታደርጉ ከሆነ ደሞ የአሜሪካውን አካሄድ ገልብጣችሁ አታምጡ። ስክሪፕቶቹ ላይ ሁሌ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ጥቁር መኪና ውስጥ ሆኖ ጠቋሚውን ያገኘዋል፣ የማን ሰራተኛ እንደሆነ ራሱ ደራሲው አያውቅም። የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ አለን፣ ቁጥር 699/2003 (ይሄኛው በእኛ አቆጣጠር ነው)፣ ማንነትን ስለ መደበቅና መኖሪያ ስለ መቀየር የሚያወራ። አንብቡት፣ ረጅም አይደለም፣ እና አንድ ወሬ መያዝ የማይችል ሰው ማንነቱ ተደብቆ ኑር ሲባል ምን እንደሚፈጠር አስቡት፣ ሙሉ ሁለተኛ አክት (የፊልሙ መሃል ክፍል) እዛ ውስጥ አለ።

ረቂቅ ያላችሁ ላኩልኝ፣ አነባለሁ፣ እመልሳለሁም። ግን የመጀመሪያው ገጽ ላይ በአንድ አረፍተ ነገር ሁለት ነገር ይጻፍልኝ፣ ጠቋሚያችሁ የሚያጋልጠው እውነት ምንድነው፣ የሚደብቀውስ። ሁለተኛው ባዶ ከሆነ ከመላካችሁ በፊት ሳምንት አቆዩትና መልሳችሁ ጻፉት። ዘበኛውንም አውጡት፣ ወይም ከሁሉም በፊት ሌብነቱ የገባው ሰው እሱ ይሁን።