በአሳ ጉበት ኢንዛይም እንዴት እንደሚሠራ እዩ

ሐዋሳ ካላችሁ ጠዋት አሞራ ገደል ውረዱና አሳ ከሚበልቱት ልጆች ትንሽ የቆሮሶ ጉበት ተቀበሉ። ከፋርማሲ 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ግዙ፤ ቁስል የሚታጠብበት ነው። ዓይናችሁን ብቻ ጠብቁ።

ጉበቱን ፍቁት፣ ሦስት ብርጭቆ ላይ አካፍሉት። አንዱ ጥሬ ይሁን። ሁለተኛውን ቀቅላችሁ አቀዝቅዙት። ሦስተኛው ላይ ሎሚ ጨምቁና 10 ደቂቃ ተዉት። ከዚያ ሁሉም ላይ ሁለት ሁለት ማንኪያ ፐርኦክሳይድ።

ጥሬው ወዲያው አረፋ ይደፍቃል! ካታሌዝ የሚባለው ኢንዛይም (በሴል ውስጥ ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር) ነው ሥራ ላይ ያለው፤ ሴሎቻችን ራሳቸው የሚፈጥሩትን ይህን ጎጂ ፐርኦክሳይድ ወደ ውሃና ኦክስጅን ይበትነዋል። አረፋው ኦክስጅን ነው። ካላመናችሁ ነበልባሉ የጠፋ ግን ጫፉ የጋለ ስንጥር አስጠጉበት፣ ፍም ይላል።

የተቀቀለው ጭጭ። ኢንዛይም ፕሮቲን ነው፣ የሚሠራውም በተጣጠፈበት ቅርጽ ስለሆነ ሙቀት ቅርጹን ሲፈታው አለቀለት። ሎሚ የነካውም በጣም ይደክማል፤ የሎሚ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 2 አካባቢ ነው፣ የሴል ውስጥ ግን 7.2 ገደማ። ደማችንማ ከ7.35 እስከ 7.45 ባለች ጠባብ ክልል ነው የሚኖረው፣ ይሄ እኔን ሁሌ ይገርመኛል። ስትጨርሱ ሁሉንም ድፉ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።