ባትሪው 60 በመቶ እያለ ካሜራው ለምን ይጠፋል? የሲኒማ ካሜራ ችግርና መፍትሄ

«ቦርዱ ተቃጥሏል» ተብለው ለጥገና ከሚመጡ ካሜራዎች ብዙዎቹ ምንም አልሆኑም። የተበላሸው ከባትሪው እስከ ካሜራው ያለው መስመር ነው፤ ኬብሉ፣ መሰኪያው፣ ፕሌቱ (ባትሪው የሚገጠምበት ሳህን)። ስለዚህ ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ቴስተር አንሱ። ባትሪ ቻርጅ ማድረግ፣ ፈርምዌር ማየት፣ ካርዱን አውጥቶ መመለስ የሚሉትን እዚህ አንደግማቸውም።

ምልክት፦ ሬከርድ ሲጫን ወይም ቀረጻው መሃል ላይ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ሲበራ ባትሪው ገና ከግማሽ በላይ ያሳያል።

ቪ-ማውንት ባትሪ (ፕሌት ላይ የሚገጠመው ትልቁ ባትሪ) በውስጡ በተከታታይ የተያያዙ የሊቲየም ሴሎች አሉት። 14.4 ቮልት ይባላል እንጂ ሲሞላ 16.8 ቮልት ነው፣ እያለቀ ሲሄድ ወደ 12 ይወርዳል። ብዙ ካሜራዎች ደግሞ ከ12 ቮልት በታች ሲያገኙ ራሳቸውን ያጠፋሉ። ባትሪው ላይ 14 ቮልት መኖሩ ካሜራው 14 ቮልት ያገኛል ማለት አይደለም። ከቮልቱ የተወሰነው መንገድ ላይ ያልቃል።

እናስላው። ካሜራው 40 ዋት፣ ሞኒተሩ 15፣ ትራንስሚተሩ 10 ዋት ቢበሉ ድምሩ 65 ዋት ነው። በ13 ቮልት 5 አምፔር ማለት ነው። ባትሪው ጂምባል የያዘው ልጅ ወገብ ላይ ታስሮ፣ በሁለት ሜትር ኬብል ሁሉንም እየመገበ ነው እንበል። ሽቦው 0.2 ስኩዌር ሚሊሜትር ከሆነ (ርካሹ ኬብል ብዙ ጊዜ ይሄው ነው) መሄጃና መመለሻው 4 ሜትር ስለሆነ ወደ 1.7 ቮልት እዚያው ሽቦው ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በ0.75 ስኩዌር ሽቦ ግን የሚጠፋው ግማሽ ቮልት እንኳን አይሞላም። በዚህ ላይ የቆሸሸ ፒን ጥቂት ሲጨምርበት 14 የነበረው 12 ይሆናል፣ ካሜራውም ይሰናበታል። ሲጠፋ ጭነቱ ይነሳል፣ ቮልቱ ይመለሳል፣ ስክሪኑ 60 በመቶ ያሳያል፣ ባለቤቱም «ካሜራው ነው» ይላል።

ቮልት በወረደ ቁጥር ካሜራው ያንኑ ዋት ለማግኘት የሚስበው አምፔር ይጨምራል። አምፔር ሲጨምር ደግሞ ሽቦው ላይ የሚጠፋው ይብሳል። ለዚህ ነው ጠዋት ሙሉ ባትሪ ላይ ምንም ሳይል የዋለ ሪግ (ካሜራው ከነተገጠመለት ዕቃ ሁሉ) ከሰዓት በኋላ በየቴኩ የሚጠፋው።

*አለካኩ።* የካሜራውን የባትሪ ማሳያ ከፐርሰንት ወደ ቮልት ቀይሩት፤ ፐርሰንት ለዚህ ሥራ አይረባም። ሁሉንም ነገር አብሩ፣ ሬከርድ ተጫኑ፣ ፎከስ ሞተሩን ወዲያና ወዲህ አዙሩ። ያኔ ካሜራው የሚያሳየውን ቮልት ያዙ። በዚያው ቅጽበት ቴስተሩን ባትሪው ላይ ባለው ሌላ ክፍት ዲ-ታፕ (ለተጨማሪ ዕቃ ፓወር የሚሰጥ ባለሁለት ፒን መሰኪያ) አስገብታችሁ ለኩ፤ ሁለቱ የቴስተር ጫፎች ግን ፈጽሞ እንዳይነካኩ፣ ሾርት ነው። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት በታች ከሆነ መስመሩ ደህና ነው። ከአንድ ቮልት በላይ ከሆነ ኬብሉን ጣሉት። ሁለቱም ቦታ ላይ አንድ ላይ የሚወርድ ከሆነ ጥፋቱ የባትሪው ነው፤ ሴሎቹ ደክመዋል። ጭነት ሳይኖር መለካት ዋጋ የለውም፣ የሞተ ባትሪም ሥራ ሳይሰጡት 16 ቮልት ያሳያል።

አንድ ጉዳይ፦ ፒያሳ ላይ ክሊፕ ሲቀረጽ በየደቂቃው የሚጠፋ ካሜራ ነበር። ሁለት ባትሪ ተቀየረ፣ ፕሌት ተቀየረ፣ ባለቤቱ የቦርድ ዋጋ ተነግሮት ገንዘብ ማፈላለግ ጀምሯል። ሲለካ ባትሪው ላይ 15.1፣ ካሜራው ላይ 12.3 ቮልት። ኬብሉ ሲቀደድ ሽቦው ላዩ የመዳብ ቀለም የተቀባ አሉሚኒየም ሆኖ ተገኘ፣ ያውም ከመሰኪያው ሁለት ሳንቲም ሜትር ወደ ኋላ ከግማሽ በላይ ክሩ ተበጥሶ። እንዲህ ዓይነቱን ለመለየት ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጉት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው። (በቆርቆሮ የተለበጠ ጥሩ መዳብ ደግሞ በተቃራኒው ላዩ ነጭ፣ ውስጡ ቀይ ነው።) አሉሚኒየሙ ብየዳ በደንብ አይዝም፣ ታጥፎ አይበረክትም፣ የሚያስተላልፈውም ከመዳብ ያንሳል። በብዙ መቶ ሺህ ብር ካሜራ ላይ ይህን የሚሰካ ሰው አለ።

*ማስተካከያው።* ከመርካቶ 0.75 ወይም 1 ስኩዌር፣ ክሩ ብዙና ለስላሳ የሆነ የመዳብ ሽቦ ግዙ። በሚያስፈልግ ርዝመት ብቻ ቁረጡ፤ ትርፍ ሜትር ትርፍ ኪሳራ ነው። መሰኪያው ላይ ከበየዳችሁ በኋላ ሽቦውን መግቢያው ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ክብደቱን ብየዳው እንዳይሸከመው። የተበጠሰ ኬብልን በናስትሮ ጠቅልሎ ወደ ሥራ መመለስ ጥገና አይደለም፤ የተጎዳውን ጫፍ ቁረጡና አዲስ መሰኪያ ግጠሙ። ሞኒተርና ትራንስሚተርን ከካሜራው ኬብል ላይ በሁለት አፍ አትቀጥሉ፣ ለየራሳቸው ከፕሌቱ መስመር ስጧቸው።

የፕሌቱን ፒኖች በኢሶፕሮፒል አልኮልና በጥጥ ጥረጉ። በኮሮና ጊዜ የተረፈው የሳኒታይዘር ጄል አይሆንም፣ ሲደርቅ ሙጫ ይተዋል። ወደ ውስጥ የተቀበረ ወይም የጠቆረ ፒን ካለ ፕሌቱ ይቀየር።

ማስጠንቀቂያ፦ አዲስ ወይም የተጠገነ ኬብል ካሜራ ላይ ከመሰካቱ በፊት ፖላሪቲው (ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ በየቦታቸው መሆናቸው) በቴስተር ይለካ። መሰኪያው መግጠሙ ፖላሪቲው ትክክል ነው ማለት አይደለም።

ማስጠንቀቂያ፦ ዲ-ታፕ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚገባው፤ ግን ፕላስቲኩ ለስላሳ ከሆነ ተገልብጦም በጉልበት ይገባል። ማታ ሰርግ ላይ፣ ጨለማ ውስጥ፣ ሙሽሮቹ እየገቡ ሳለ ተገልብጦ የተሰካ ዲ-ታፕ የፎከስ ሞተርን ወዲያው ሊያቃጥል ይችላል። በመሰኪያውም በባትሪውም አንድ ወገን ላይ ነጭ ነጥብ አድርጉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ያበጠ ባትሪ አይሞላም፣ አይከፈትም፣ «ለዛሬ ብቻ» አይባልም።

ምልክት፦ ዲ-ታፑ በድንገት ዜሮ ሆነ፣ ባትሪው ግን በፕሌቱ በኩል ይሠራል። ፊውዙ ነው። ራሱን የሚመልስ ዓይነት ከሆነ ሁሉንም ነቅላችሁ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ከተመለሰ ጭነቱን ቀንሱ፤ ካልተመለሰ ባለሙያ ይክፈተው።

ምልክት፦ ሶኒ ኤፍኤክስ6 ወይም ኤፍኤክስ9 ከዲ-ታፕ በዲሲ መግቢያው አይነሳም። መግቢያው 19.5 ቮልት ነው የሚፈልገው። ቮልት የሚያሳድግ ሰርኪዩት ያለበት ኬብል ግዙ፤ ተራ ሽቦ በጭራሽ አይሠራም።

ምልክት፦ የኤስዲአይ (ሥዕል ወደ ሞኒተር ወይም ትራንስሚተር የሚያወጣው ባለክብ መሰኪያ መስመር) ሥዕል ጠፋ፣ ኤችዲኤምአዩ ግን ይሠራል።

ይሄ ብዙውን ጊዜ በሰው እጅ የመጣ ነው። ካሜራውና ሞኒተሩ ወይም ትራንስሚተሩ ከአንድ ባትሪ እየበሉ፣ የአንዱ የፓወር ኬብል ኔጌቲቭ ቀድሞ ከተላቀቀ (ወይም ሲሰካ ፖዘቲቩ ቀድሞ ከነካ) ከረንቱ በኤስዲአይ ኬብሉ ሽፋን በኩል ይመለሳል፣ የኤስዲአይ ቺፑንም ይዞት ይሄዳል። ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ ሲገጠም መጀመሪያ ሁሉም ፓወር ይሰካል፣ ኤስዲአይ መጨረሻ ላይ። ሲፈታ ኤስዲአይ መጀመሪያ ይነቀላል፣ ከዚያ ፓወር። ኪራይ ካሜራ ሲመለስ ይህ ወደብ ሳይሞከር መረከብ የለበትም። ቺፑ ከሄደ በእውነትም የቦርድ ሥራ ነው፣ በተራ ብየዳ ብረት አትንኩት።

ምልክት፦ ካሜራው እንደበራ ነው፣ ቀረጻው ግን ራሱ ይቆማል ወይም ፍሬም ይጥላል።

ካርዱ አልቻለም። ካሜራው ለምሳሌ በ400 ሜጋቢት በሰከንድ ቢቀርጽ፣ ካርዱ በሰከንድ 50 ሜጋባይት መጻፍ አለበት ማለት ነው። ቪ30 የተባለው ካርድ (ቪ የመጻፊያ ፍጥነት ደረጃ ነው) ዋስትና የሚሰጠው 30 ብቻ ነው፣ ቪ60 ይችላል፣ ቪ90 ትርፍ አለው። ካርዱ ላይ በትልቁ የተጻፈው 170 ወይም 200 የማንበቢያ ፍጥነት ነው፣ አትሸወዱበት። አዲስ ካርድ ከገዛችሁ ሥራ ላይ ከማዋላችሁ በፊት ባዶውን በኤች-ቱ-ቴስት-ደብልዩ (H2testw፣ ካርድ መፈተሻ የኮምፒውተር ፕሮግራም) እስከ ጥግ ሙሉት፤ 256 ጊጋ ተብሎ ውስጡ 32 የሆነ ካርድ የሚታወቀው ያኔ ነው። ፎርማት ሁልጊዜ በካሜራው ውስጥ። ኤስኤስዲ በዩኤስቢ-ሲ የምትቀርጹ ደግሞ ኬብሉን በክላምፕ ያዙት፣ ትንሽ መነቅነቅ ይበቃዋል።

ምልክት፦ ሙቀት ማስጠንቀቂያ፣ ፋኑ ይጮኻል። ከተማችን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ሙቀት ቶሎ አይወስድም፤ ላዩ ላይ የግንባታው አቧራ አለ። የአየር መግቢያውን በለስላሳ ብሩሽና በእጅ አየር መንፊያ አጽዱ፣ ፋኑ እንዳይሽከረከር በቀጭን እንጨት ይዛችሁ። የጎሚስታ ኮምፕረሰር አይታሰብም፣ ውሃና ዘይት ይተፋል። በቴኮች መሃል ጥላ ስጡት፣ መግቢያውንም በሪግ አትዝጉት።

ምልክት፦ ጥቁር ሥዕል ላይ ነጫጭ ነጥቦች። ካሜራው ከሞቀ በኋላ የሌንሱን ክዳን ከድናችሁ ከሜኑው የሴንሰር ካሊብሬሽን ሥሩ።

ምልክት፦ የሩቁ ትኩረት አይመጣም፣ የዙም ሌንስ ፎከስም ሲከፈት ይሸሻል። ማውንቱ (ሌንሱ የሚገጠምበት) ላልቷል ወይም ሺሙ (ከማውንቱ ሥር ርቀቱን የሚያስተካክለው ስስ ቀለበት) ልክ አይደለም። በግምት አትንኩ፣ መለኪያው ላለው ሰው ስጡ።

ምልክት፦ መስመር መስመር የሚል ብልጭታ። መብራታችን 50 ኸርዝ ነው። በ25 ፍሬም 180 ዲግሪ፣ በ24 ፍሬም 172.8 ዲግሪ ሹተር አድርጉ፤ ሁለቱም 1/50 ነው። ማታ ቸርችል ጎዳና ላይ የሱቅ ኤልኢዲ ማስታወቂያዎች በዚህም ካልታረሙ ድግግሞሻቸው ሌላ ነው፤ ሹተሩን በትንሽ በትንሹ እያንቀሳቀሳችሁ መስመሩ የሚጠፋበትን ፈልጉ፣ ካልተገኘ ማስታወቂያውን ከፍሬም አውጡት።