ዛቢክስን ከ6.0 ወደ 7.0 ማሳደግ፦ እቅዱ ከመመለሻው ይጀምር

ዛቢክስ ኔትወርክና ሰርቨር የሚከታተል፣ ችግር ሲኖርም ማንቂያ የሚልክ ሶፍትዌር ነው። አፕግሬዱ ራሱ ከባድ አይደለም። አዲሱን ፓኬጅ ትጭናላችሁ፣ ሰርቪሱን ታስነሳላችሁ፣ አለቀ። ከባዱ ሌሊት ላይ ነገሩ አልሄድ ሲል ወደ ነበረበት መመለስ ነው።

ቢሮአችሁ አዲስ አበባ፣ ሰንጋ ተራ ወይም ሜክሲኮ አካባቢ ካሉት ፎቆች በአንዱ ነው እንበል። በየክልሉ ያሉትን ቅርንጫፎች ራውተርና ስዊች የምትከታተሉት በዛቢክስ 6.0 ነው፤ ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ነው። ልትሄዱበት የፈለጋችሁት 7.0 በአውሮፓውያኑ 2024 የወጣ፣ የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው ቨርዥን ነው። ሌላ ሲስተም የምትጠቀሙም ብትሆኑ አካሄዱ ብዙ አይለይም።

መጀመሪያ ያላችሁን ቁጠሩ

የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን፣ የዳታቤዙንና የፒኤችፒውን (የዛቢክስ ዌብ ገጽ የሚሠራበትን ቋንቋ) ቨርዥን ጻፉ። ፕሮክሲዎቹ (ቅርንጫፍ ላይ ዳታ ሰብስበው ለዋናው ሰርቨር የሚልኩት) የት የት እንዳሉ፣ የቀድሞ ባልደረባ ጽፎ የሄደው ስክሪፕት ምን እንደሚሠራም ጨምሩበት። ዛቢክስ 7.0 ፒኤችፒ 8.0 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ኡቡንቱ 20.04 ላይ ያለው ደግሞ 7.4 ነው። ሰርቨራችሁ እዚያ ላይ ከሆነ ጉዳዩ የአንድ ሶፍትዌር መሆኑ ቀርቷል፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙም መቀየር አለበት ማለት ነው።

እንዲህ ሲሆን እኔ አሮጌውን ማሽን አልነካም። አጠገቡ አዲስ ቨርችዋል ማሽን (በሶፍትዌር የሚፈጠር ሰርቨር) አቁሜ ዳታውን ወደዚያ እወስዳለሁ። ዲስክና ሜሞሪ ይበላል፣ አለቃም "ለምን ሁለት?" ይላል። ግን አሮጌው ሳይነካ መቀመጡን የመሰለ ነገር የለም።

ፓኬጆቹን አብረው ከሚያስፈልጓቸው ሌሎች ፓኬጆች ጋር ቀደም ብላችሁ አውርዳችሁ አስቀምጡ። በዚያች ሌሊት ኢንተርኔት ላይ መንጠልጠል አያስፈልግም።

ዳታቤዙ፦ እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ

አዲሱ የዛቢክስ ሰርቨር ገና ሲነሳ የዳታቤዙን መዋቅር በራሱ ይቀይራል። "ልቀይር?" ብሎ አይጠይቅም። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ የሚወስድ ቁልፍ የለም። አሮጌውን ፓኬጅ መልሳችሁ ብትጭኑ የተቀየረውን ዳታቤዝ አይቀበለውም። መመለሻው አንድ ብቻ ነው፦ ከአፕግሬዱ በፊት የተወሰደ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ)።

"ባክአፕማ አለን" የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ መጨረሻ መቼ ሪስቶር እንዳደረገው፣ ማለትም ዳታውን ከባክአፑ መልሶ እንደጫነው፣ ጠይቁት። አንድ የማውቀው መሥሪያ ቤት ባክአፕ በየቀኑ ይወስድ ነበር። ፋይሉ አለ፣ ቀኑም ልክ ነው። ሲፈለግ ግን ዲስኩ ሞልቶ መሀል ላይ የተቆረጠ ሆኖ ተገኘ። የማይኤስኪውኤል ዳምፕ (ዳታቤዙ ወደ ፋይል የተገለበጠበት ባክአፕ) በትክክል ካለቀ መጨረሻው መስመር ላይ መጠናቀቁን ከነሰዓቱ ይጽፋል። ያንን መስመር ማየት ደቂቃ አይፈጅም። የሚያየው ግን ስንቱ ነው?

መስመሩን ማየትም አይበቃም። ባክአፑን ሌላ ማሽን ላይ ሪስቶር አድርጉና ሰዓት ያዙ። ከዚያ አዲሱን ዛቢክስ እዚያው ኮፒ ላይ አስነሱትና የመዋቅር ለውጡ ስንት እንደሚፈጅ እዩ። ሎጉ (ዛቢክስ የሚሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል) በመቶኛ እየቆጠረ ይነግራችኋል። ይህ የሙከራ ማሽን ግን ማንቂያ የሚልክበት መንገድ በሙሉ መዘጋት አለበት፤ አለዚያ ሁለት ዛቢክስ አንድ ዓይነት መልእክት ይልካሉ።

ሙከራው ላይ ብቅ የሚል አንድ ችግር አለ። ማይኤስኪውኤሉ ባይነሪ ሎግ (የዳታቤዝ ለውጦች መዝገብ) የበራለት ከሆነና የዛቢክስ ተጠቃሚው ሙሉ ሥልጣን ከሌለው፣ አፕግሬዱ ትሪገር (ለውጥ ሲኖር በራሱ የሚሠራ የዳታቤዝ ትእዛዝ) መፍጠር ያቅተውና መሀል ላይ ይቆማል። ይህን የሚፈቅደውን የማይኤስኪውኤል ሴቲንግ ለጊዜው ታበሩና ሲያልቅ መልሳችሁ ታጠፋላችሁ። ሙከራ ላይ ከሆነ ቀላል ነው። ዋናው ላይ በሌሊት ሲመጣ ግን ላብ ያስልባል።

ስናፕሾትስ፣ የቨርችዋል ማሽኑን የዚያን ሰዓት ሁኔታ ቀርጾ ማስቀመጡ? ጥሩ አቋራጭ ነው፤ ዛቢክሱም ዳታቤዙም ቆመው ከተወሰደ እኔም እጠቀምበታለሁ። እንደ ባክአፕ ግን አልቆጥረውም፤ ያው ስቶሬጅ ላይ ነው የሚቀመጠው።

አሁን የሪስቶሩን ሰዓት ታውቃላችሁ። ከእሱ ተነሥታችሁ የመመለሻ ሰዓት ቁረጡ። ሥራው ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊት ማለቅ አለበት፣ ሪስቶሩ 2 ሰዓት ይፈጃል፣ 1 ሰዓት ደግሞ ለማይታወቀው ነገር ይያዝ። ስለዚህ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ካልተስተካከለ ይመለሳል። "አምስት ደቂቃ ብቻ" የሚል ሰው አይጠፋም፤ ውሳኔው የማን እንደሆነ በስም ጻፉት።

ቀኑና ሰዓቱ

የሰኔን መጨረሻና የሐምሌን መጀመሪያ እርሱት። ሒሳብ በሚዘጋበት ሰሞን ማንም አይፈቅድላችሁም፤ ቢፈቅድም አትጀምሩት። የበዓል ዋዜማም ያው ነው።

ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። እኛ "ቅዳሜ ሌሊት 8 ሰዓት" ስንል ለእሁድ አጥቢያ ማለታችን ነው። ሰርቨሩ ግን እሁድ 02:00 ነው የሚለው። ውጭ አገር ያለ የድጋፍ ቡድን ከሆነ ደግሞ ቅዳሜ 8 ሰዓት የሚለውን አይቶ ጠዋት ይደውልላችኋል። ሰርቨሩ ሰዓቱ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ከሆነ ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ነው።

ለሕንፃው አስተዳደር ደብዳቤ ይድረስ። ጥበቃው ሌሊት የሚያስገባችሁ በደብዳቤ ነው። ጄኔሬተሩ ነዳጅ እንዳለው፣ የሰርቨር ክፍሉ ማቀዝቀዣ ማታ እንደማይጠፋም ጠይቁ፤ በክረምት ደግሞ አጥብቃችሁ ጠይቁ።

የዕለቱ ሥራ

ከሁሉ በፊት የቴሌግራምና የኤስኤምኤስ ማንቂያዎቹን አጥፉ። ሰርቨሩ ተመልሶ ሲነሳ "ዳታ አልመጣም" የሚል መልእክት ሊያጎርፍ ይችላል፣ የሥራ አስኪያጁም ስልክ አብሮ ይጮኻል። ዛቢክስ በቆመበት ሰዓት ቅርንጫፍ ቢወድቅ የሚያይ እንዲኖር ለዋና ዋናዎቹ መስመሮች ፒንግ የሚያደርግ (መልስ ይሰጣሉ ወይ ብሎ የሚሞክር) ትንሽ ስክሪፕት ሌላ ማሽን ላይ ይሂድ።

ከዚያ ሰርቨሩ ይቁም፣ የመጨረሻው ባክአፕ ይወሰድ፣ አፕግሬዱ ይሂድ። የመዋቅር ለውጡ ሲዘገይ "ተሰቅሏል" ብላችሁ እንዳትገድሉት። ማይኤስኪውኤል ላይ መሀል የተቋረጠ ለውጥ ዳታቤዙን በግማሽ ሊያስቀረው ይችላል። ሎጉን እዩ፣ ቡና ጠጡ።

ፕሮክሲዎቹ ከሰርቨሩ በኋላ ይመጣሉ። የ6.0 ፕሮክሲ ከ7.0 ሰርቨር ጋር ዳታ መሰብሰቡን ይቀጥላል፤ አዲስ የኮንፊግ ለውጥ ግን አይወስድም። ስለዚህ ክልል ያሉትን በዚያች ሌሊት መጨረስ ግድ አይደለም፣ ግን ወር አታሳድሯቸው። ኤጀንቶቹን (በሚከታተሏቸው ማሽኖች ላይ የተጫኑትን የዛቢክስ ፕሮግራሞች) ተዉአቸው፣ አሮጌዎቹም ይሠራሉ።

ማንቂያውን ለሁሉም መልሳችሁ ከማብራታችሁ በፊት ለራሳችሁ ስልክ ብቻ አብሩና አንድ የሙከራ ስዊች ነቅላችሁ ማንቂያው እስከ ስልክ መድረሱን አረጋግጡ። ገጹ መከፈቱ ብቻ ምንም አይነግራችሁም። የ7.0ን አዳዲስ ነገሮች መነካካት ለሌላ ሳምንት ይቆይ። አሮጌው ማሽን ካለ ኔትወርኩን ነቅላችሁ አስቀምጡት፤ የወሩ ሪፖርት ወጥቶ ቁጥሮቹ እስኪታዩ ድረስ ማንም እንዳያጠፋው ስሙ ላይ ጻፉበት።