ላሲክ ከመሠራታችሁ በፊት የዓይን ድርቀታችሁን ታከሙ

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ባለ የዓይን ክሊኒክ፣ ሐኪሙ ጋ ከመግባታችሁ በፊት ዓይናችሁን የምለካው እኔ ነኝ። መነጽር ሰልችቷቸው ላሲክ (እይታን በሌዘር የሚያስተካክል የዓይን ቀዶ ሕክምና) ሊሠሩ ከሚመጡት አበሾች ብዙዎቹ ሹፌሮች ናቸው፤ በብርዱ ወራት የመኪናው ማሞቂያ ቀኑን ሙሉ ፊታቸው ላይ ይነፍሳል።

ስለ ድርቀት ስጠይቅ «ኧረ የኔስ ሁሌ ያነባል» ይሉኛል። የሚያነባ ዓይንም እኮ ደረቅ ሊሆን ይችላል! ደህና እንባ ካልሸፈነው ዓይኑ ይቆጣና ዝም ብሎ ውሃ ያፈሳል። አሸዋ የገባበት ያህል ከቆረቆራችሁ፣ ወይም እይታችሁ ስታርገበግቡ ጠርቶ ወዲያው ከደበዘዘ ሳትደብቁ ተናገሩ።

የምጨቀጭቃችሁ በምክንያት ነው። ላሲክ ሲሠራ ከኮርኒያው (ከዓይን ፊት ካለው ብርሃን አስተላላፊ ክፍል) ላይ ስስ ሽፋን ተቆርጦ ይገለጣል። አብረው የሚቆረጡት ነርቮች እንባ እንዲመነጭ የሚቀሰቅሱት ናቸው። ስለዚህ ጤነኛ ዓይን እንኳ ለወራት ሊደርቅ ይችላል፤ አብዛኛው ሰው ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ባለው ጊዜ ይሻለዋል። ቀድሞ የደረቀ ግን ሊብስበት ይችላል። ደግሞም ደረቅ ዓይን ላይ የተወሰደ ልኬት ይዛባል፤ ሌዘሩ የሚሠራው በዚያው ልኬት ነው።

ለስላሳ ኮንታክት ሌንስ የምታደርጉ ከልኬቱ 2 ሳምንት ቀድማችሁ አውጡ፤ ጠንካራው ከዚያም በላይ ይፈልጋል። የምርመራው ዕለት ጠዋት ጠብታ አታድርጉ። ታችኛው የዓይን ቆብ ውስጥ ቀጭን ወረቀት ሰክቼ 5 ደቂቃ አቆያለሁ፤ እርጥበቱ 10 ሚሊሜትር ካልደረሰ እንባችሁ አንሷል ማለት ነው። የአለርጂ፣ የድብርት ወይም የብጉር ኪኒን የምትወስዱ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ወይም የአፍ ድርቀት ያለባችሁም ንገሩን።

ቤት ውስጥ ንጹሕ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ ነክራችሁ በተጨፈነ ዓይን ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያዙ፤ ከዚያ የቆቡን ጠርዝ በቀስታ እሹ። ይህ እንባ ቶሎ እንዳይተን ቅባት የሚያወጡትን የተደፈኑ ዕጢዎች ይከፍታል። ሰው ሠራሽ እንባ (ዓይን የሚያረጥብ ጠብታ) በቀን ከ4 ጊዜ በላይ ካስፈለጋችሁ እንዳይበላሽ የሚጨመረው ኬሚካል (preservative) የሌለበትን ግዙ። ቅላት የሚያጠፋው ጠብታ ለድርቀት መድኃኒት አይደለም። የመኪናውን ማሞቂያ ወደ እግራችሁ አዙሩት።

በዚህ ካልተሻለ ሐኪሙ ሳይክሎስፖሪን የተባለ የዓይን ቁጣን የሚቀንስ ጠብታ ሊያዝ ወይም የእንባ መውረጃውን ቀዳዳ በትንሽ መድፈኛ ሊዘጋ ይችላል። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ቀን ተቆርጦላችሁ፣ ከሥራ ፈቃድ ወስዳችሁ ቢሆን እንኳ ድርቀቱ ሳይስተካከል አትግቡ፤ ቀጠሮውን አስተላልፉና እንደገና እንለካችሁ።