ቸኮሌት ጥቅሙን ሳያሳጣ ጉዳቱ እንዲቀንስ እንዴት ይበላል?

ቸኮሌት ለልብ ይጠቅማል የሚባለው በካካዎ ውስጥ ባለው ፍላቫኖል በተባለ ንጥረ ነገር ምክንያት ነው፤ የደም ሥሮች እንዲላሉ ያግዛል። ይሁን እንጂ ውጤቱን ማጋነን አያስፈልግም። በ2022 ውጤቱ በወጣው፣ ከ21 ሺህ በላይ አሜሪካውያን አረጋውያን በተካተቱበት ጥናት፣ በቀን 500 ሚሊ ግራም ፍላቫኖል በእንክብል የወሰዱት ሰዎች ጠቅላላ የልብና የደም ሥር ሕመማቸው ጉልህ በሆነ መጠን አልቀነሰም። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው በቸኮሌት ተማምኖ አያቋርጥ።

1. ጀርባውን ያንብቡ
በጎንደር ፒያሳም ሆነ አራዳ በየሱቁ የሚደረደረው በአብዛኛው ስኳሩ ከካካዎው የሚበልጥ ነው። የፊቱን ሥዕል ይተዉና ማሸጊያውን ገልብጠው የይዘቱን ዝርዝር ይዩ። ዝርዝሩ ከብዙው ወደ ጥቂቱ ስለሚጻፍ፣ ስኳር ቀድሞ ከመጣ ከረሜላ ነው ብለው ይቁጠሩት። ካካዎው 70 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነውን ይምረጡ። በካካዎ ቅቤ ፈንታ የሚረጋ የፓልም ዘይት የገባበትን ይለፉት። ካካዎው በአልካሊ (ኮምጣጣነትን በሚያበርድ ንጥረ ነገር) የተዘጋጀ ከሆነ ምሬቱ ይለዝባል፣ ፍላቫኖሉም አብሮ ይቀንሳል። ለጾም የሚገዛ ሰው የወተት ዱቄት አለመኖሩን ያረጋግጥ፤ የካካዎ ቅቤ ግን ከፍሬው የሚጨመቅ ስለሆነ የጾም ነው።

2. መጥነው ይቁረሱ
100 ግራም የወተት ቸኮሌት 50 ግራም ገደማ ስኳር አለው፤ 12 የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከዚህ እንዳያልፍ የሚመክረው መጠን ሻይ ሳይጠጣ አለቀ ማለት ነው። የ70 በመቶው ስኳር 30 ግራም ገደማ ቢሆንም ስቡ ብዙ ስለሆነ 100 ግራሙ ወደ 600 ኪሎ ካሎሪ ይደርሳል።

በቀን 20 ግራም ይበቃል። ባለ 100 ግራሙን አምስት ቦታ ይክፈሉትና አንዱን አንስተው ቀሪውን ሳይቀመጡ ይመልሱት፤ ከማሸጊያው እየቆረሰ የሚበላ ሰው አይቆጥርም። ቁራሹን በአንድ ጊዜ ይጨርሱት፤ ቀኑን ሙሉ መቆነጣጠር ለጥርስ ይብሳል። የደም ማነስ ያለበት ሰው ከምግብ ሰዓት ያርቀው፤ ካካዎም እንደ ሻይና ቡና ብረት በደንብ እንዳይመጠጥ ያግዳል።

3. ከሙቀት ይጠብቁት
ቸኮሌት 34 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ጎንደር ስትሞቅ፣ ይልቁንም ፀሐይ በሚመታው የኪዮስክ መስኮት ላይ፣ ቀን ቀልጦ ማታ ይረጋል። ያኔ ላዩ ነጣ ይላል። ሻጋታ መስሏቸው የሚጥሉት አሉ፤ በጣት ሲያሹት ከቀለጠ ወደ ላይ የወጣ ስብ ነው፣ ከሻከረ ደግሞ በእርጥበት ሟሙቶ የደረቀ ስኳር ነው። ጣዕሙ ቢቀንስም አይጎዳም። የሚጣለው ጸጉራም ሻጋታ ካወጣ፣ ከነቀዘ ወይም ከሸተተ ነው።

በቤት ውስጥ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ፣ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ያስቀምጡት። ስቡ ሽታ ስለሚስብ ከበርበሬና ከነጭ ሽንኩርት ያርቁት። ፍሪጅ ውስጥ ከገባ ሲያወጡት ወዲያው አይክፈቱት፤ ከነዕቃው የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይቆይ፣ አለዚያ ላዩ ያልበዋል።

4. ርካሹ መንገድ
ፍላቫኖሉን ብቻ ለሚፈልግ፣ ስኳር ያልገባበትና በአልካሊ ያልተዘጋጀ የካካዎ ዱቄት ከማንኛውም ቸኮሌት ይሻላል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት መጀመሪያ በጥቂት ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠው ያላቁጡት፤ ከዚያ አንድ ብርጭቆ ሙቅ ውኃ እያማሰሉ ይጨምሩ። በቀጥታ የፈላ ውኃ ውስጥ ከተጨመረ ውጪው አብጦ ውስጡን ደረቅ ያስቀረዋል፤ ጓጎለ የሚባለው ይህ ነው። ስኳር ካስፈለገ አንድ የሻይ ማንኪያ።

5. ማን ይጠንቀቅ?
ቃር፣ ማይግሬን ወይም የኦክሳሌት የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ይቀንስ። ነፍሰ ጡር እናት የቀን ካፌይኗ ከ200 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ይመከራል፤ 20 ግራም ጥቁር ቸኮሌት 16 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ ዋናው ጭነት አቦል፣ ቶና፣ በረካ የምትለው ቡና ነው። ጥቁር ቸኮሌት ካድሚየምና እርሳስ የተባሉ መርዛማ ብረቶች ሊኖሩበት ስለሚችሉ ለእሷም ለሕፃናትም የየዕለት ምግብ አይሁን።

የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩ ሲወርድበት ቸኮሌት አይስጡት፤ ስቡ ስኳሩ ቶሎ ወደ ደም እንዳይገባ ያዘገየዋል። መዋጥ ከቻለ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ያጠጡት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ሳይሰጡ ወደ ሐኪም ቤት ያድርሱት። የተረፈውን ቸኮሌት ለውሻም አይጣሉ፤ ቲዮብሮሚን የተባለው ንጥረ ነገሩ ውሻን ይመርዛል።