የሮክ ዘፈን በኤሌክትሪክ ጊታር አልወጣ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ ለወሎ ጀማሪዎች

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ሮክ መልመድ የጀመሩ ልጆች የሚያነሱት ችግር ተቀራራቢ ነው። ብዙዎቹ ጥፋቱን ጣታቸው ላይ ይጥላሉ። አንዱን ሪፍ፣ ማለትም በዘፈኑ ውስጥ የሚመላለሰውን አጭር የጊታር ዜማ፣ ቀኑን ሙሉ ይደጋግሙታል፣ አይለወጥም፣ ከዚያ ተስፋ ይቆርጣሉ። የምክንያቱ መነሻ ግን ብዙ ጊዜ ክሩ፣ ሶኬቱ፣ ድምፁን የሚያሻክረው የዲስቶርሽን መጠን ወይም ጆሯችን ያደገበት ምት ነው። ስለዚህ ከመደጋገማችሁ በፊት ምልክቱን ለዩ።

ጊታሩ ቅኝት አይይዝም

ክሩ አዲስ ከሆነ ይህ የሚጠበቅ ነው። እስኪለጠጥ ድረስ ይወርዳል። መሀሉ ላይ በጣት ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ከጊታሩ ራቅ አድርጉት፣ እንደገና ቃኙ፣ መውረዱን እስኪያቆም ድገሙት። መቃኛው ላይ ሁለት ሦስት ዙር በሥርዓት መጠምጠሙንም እዩ።

ክሩ አሮጌ ሆኖ አሁንም ከሸሸ፣ መቃኛውን ስታዞሩ ጆሯችሁን ጣሉ። መጀመሪያ ምንም ለውጥ የለም፣ ከዚያ “ጥክ” ይልና ድምፁ በአንዴ ዘሎ ያልፋል? እንግዲያው ክሩ አንገቱ ጫፍ ላይ ባለችው ነጭ ማረፊያ ጎድጓዳ ውስጥ ተይዟል። ክሩን አላሉ፣ እርሳስ ቅረጹ፣ ጫፉን ጎድጓዳው ውስጥ ፈተግ ፈተግ አድርጉት። የእርሳሱ ጥቁር ዱቄት ክሩን ያንሸራትተዋል። ወጪው አንድ እርሳስ ነው፣ ለውጡ ግን ወዲያው ይሰማል።

አገሩም የራሱ ድርሻ አለው። ደሴ ከባህር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ። ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ወይም ወደ ባቲ ሙቀት የወረደ ጊታር ክሩ ይላላል፣ ድምፁ ዝቅ ይላል። ሽቅብ ሲመለስ ተቃራኒው ነው። መድረክ ካላችሁ ቀደም ብላችሁ ድረሱ፣ ጊታሩን ከቦርሳው አውጥታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል አሳርፉት፣ ከዚያ ቃኙ።

አምፕሊፋየሩ “ዝዝዝ” ይላል

የአገራችን መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅልል) ፒካፕ፣ ማለትም የክሩን ድምፅ የሚለቅመው ማግኔት፣ ያለው ጊታር ይህንን ንዝረት ከአየር ላይ ይለቅመዋል። ሃምበከር የሚባለው ፒካፕ ግን ሁለት ጥቅልል ስላለው አንዱ የለቀመውን ሌላው ያጠፋዋል። ከረጅም አምፖልና ከስልክ ቻርጀር ራቁ፣ ቆማችሁ ቀስ ብላችሁ ዙሩ። ጩኸቱ የሚቀንስበት አቅጣጫ ይገኛል። ኬብሉ ሲነካ የሚንጫጫ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ ኬብሉ የሚሰካበት ጃክ ላይ ነው። ብሎኑን አጥብቁ፣ ካልሆነ ውስጡ ያለችው ሽቦ ለቃለች። ቴፕና ቴሌቪዥን የሚጠግን ማንኛውም ባለሙያ ይበይድላችኋል።

አንድ ነገር ግን በቀልድ አይታለፍም። ክሩን ይዛችሁ ማይኩ ከንፈራችሁን ሲነካ ከነዘራችሁ ወዲያው አቁሙ። አምፕሊፋየሩ ወይም ሚክሰሩ ግራውንድ የለውም ማለት ነው፣ ይህ ደግሞ ሰው ይገድላል። በኤሌክትሪክ ሠራተኛ የተፈተሸ ግራውንድ ያለው ሶኬት ፈልጉ፣ አምፕሊፋየሩንና ሚክሰሩን ሁለቱንም እዚያው አንዱ ሶኬት ላይ ሰኩ። የሶኬቱ ቀዳዳ ሁለት ብቻ ነው ብላችሁ ሦስተኛውን እግር አትቁረጡ። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ከሆነም ጀርባውን አንብቡ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር አይሰካም።

ዲስቶርሽን ሲበራ ኮርዱ ይደፈርሳል

በአኩስቲክ የሚያምረው ባለ ስድስት ክር ኮርድ በዲስቶርሽን ሲያልፍ እርስ በርሱ ይጋጫል። በተለይ የኮርዱ ሦስተኛ ድምፅ ነው የሚበጠብጠው። ሮክ የሚጫወቱ ሰዎች ፓወር ኮርድ የሚወዱት ለዚህ ነው፤ መነሻውና አምስተኛው ብቻ፣ ሌላ የለም። የዲስቶርሽኑን መጠን የሚወስነውን ቁልፍ፣ ጌይኑንም ቀንሱት። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የተቀዱት ዘፈኖች ብዙ ጀማሪ ከሚገምተው ያነሰ ዲስቶርሽን ነው ያላቸው። ግዙፍ የሚያስመስላቸው ቤዙና ድራሙ አብረው መምታታቸው ነው።

የማትጫወቱት ክር መጮኹም ያደፈርሳል። የቀኝ መዳፋችሁን ጠርዝ ወፍራሞቹ ክሮች ላይ አሳርፉ፣ የግራ አመልካች ጣታችሁ ደግሞ ቀጫጭኖቹን ነካ ያድርጋቸው።

ተቃራኒው ችግርም አለ፦ ሪፉ ትክክል ሆኖ ሳለ ይቀጥናል። የዲፕ ፐርፕልን የ1972 “ስሞክ ኦን ዘ ዋተር” ብዙ ሰው በአንድ ክር ይለምደዋል። ሪቺ ብላክሞር ግን ሁለት ክሮችን አንድ ላይ ነው የሚያሰማው፣ በፒክ ሳይሆን በጣት ቆንጥጦ። ከቀጭኑ ክር ጀምራችሁ ቁጠሩና አራተኛውንና ሦስተኛውን ክር አንድ ላይ ቆንጥጡ፣ ልዩነቱ ወዲያው ይታያችኋል።

ሪፉ ልክ ነው፣ ግን እስክስታ ያስመታል

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የእኛ ልጆች ዋነኛ ችግር ይህ ነው። ጆሯችን ያደገው በጭፈራችን ባለ ስድስት ምት ነው። ምቱ ሦስት ሦስት እየሆነ ይንከባለላል፣ ትከሻም የሚነሣው በእሱ ነው። የክላሲክ ሮክ ምት ደግሞ በአብዛኛው አራት ነው፣ ስኔር ድራሙም ሁለትና አራት ላይ ይመታል። እጃችሁ ሳታውቁት አራቱን ወደ ስድስት ይጎትተዋል። ኖታው ሳይሳሳት ዘፈኑ ሌላ ዘፈን የሚሆነው ለዚህ ነው።

መፍትሄው ከጊታሩ ውጭ ነው የሚጀምረው። ጊታሩን አስቀምጡ። ዘፈኑን ክፈቱ፣ በእግራችሁ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ቁጠሩ፣ ሁለትና አራት ላይ ብቻ አጨብጭቡ። መጀመሪያ ጭብጨባው አንድ ላይ እየሮጠ ያስቸግራል። ሰውነት ሲለምደው ጊታሩን አንሡ፣ ሁሉንም ክር በግራ እጅ አፍናችሁ ምቱን ብቻ “ጭክ፣ ጭክ” እያላችሁ አብራችሁ ምቱ። ኮርዱ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። ሜትሮኖም በስልክ በነፃ ይገኛል። ከዘፈኑ ፍጥነት ግማሽ ያህል ላይ ጀምሩ፣ ሳትሳሳቱ ስትጨርሱ ብቻ ጥቂት ጨምሩ።

ከዘፈኑ ጋር ስጫወት አይገጥምም

ጊታራችሁ ልክ ተቃኝቶ ይሆናል፣ ቅጂው ግን ሌላ ቅኝት ላይ ነው። ጂሚ ሄንድሪክስ በብዙ ቅጂዎቹ፣ ጋንስ ኤንድ ሮዝስም በ1987ቱ የመጀመሪያ አልበማቸው ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብለው ነው የቃኙት። በስልካችሁ መቃኛ ስድስቱንም ክር በግማሽ ድምፅ አውርዱና ሞክሩ። የሮሊንግ ስቶንስ ኮርድ አልጠጋ ካላችሁ ደግሞ ኪት ሪቻርድስ ብዙ ጊዜ በአምስት ክር፣ ክሮቹ ሳይጫኑ የጂ ኮርድ በሚሰጡበት በኦፕን ጂ ቅኝት እንደሚጫወት አስታውሱ። በተለመደው ቅኝት ያንን ድምፅ ማምጣት ትርፉ ድካም ነው።

ጣት ያማል

ቀጭን ክር ግዙ፣ 9 የሚባለውን። ፍሬቱ መሀል ሳይሆን ብረቱ አጠገብ ተጫኑ፣ ጉልበት ይቀንሳል። የብላክ ሳባዝ ቶኒ አዮሚ በ17 ዓመቱ ፋብሪካ ውስጥ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ አጥቷል። ቀጫጭን ክር፣ በራሱ የሠራው የጣት ቆብ፣ ኋላም ዝቅ ያለ ቅኝት ነው ያስቀጠለው። ክር አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሲገኝ ሁለት ሦስት ፓኬት አስመጡ። አንደኛው ክር ሁልጊዜ የሚበጠሰው ልምምድ በሞቀበት ሰዓት ነው።

ሶሎው ባቲ ባቲ ይላል

ይህንን እንደ ድክመት አትዩት። የሮክ ሶሎ መሠረት የሆነው ማይነር ፔንታቶኒክ የሚባል ባለ አምስት ድምፅ ስኬል ከባቲ ማይነር ቅኝት ጋር አምስቱም ድምፅ አንድ ነው። ከኤ ከጀመራችሁ ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ። ትዝታ ሜጀርም እንዲሁ ከሜጀር ፔንታቶኒክ ጋር ይገጥማል። አምባሰል ግን አይገጥምም፣ ሁለተኛው ድምፁ መነሻው ላይ ስለሚጠጋ ወዲያው ያስታውቃል። የወሎ ልጅ ሌላው በልምምድ የሚያገኘውን ስኬል በጆሮው ይዞ ነው የሚነሣው።

ታዲያ ለምን ሮክ አይሆንም? ድምፆቹ አንድ ቢሆኑም አነጋገሩ ይለያል። እኛ በባቲ ስንጫወት ከድምፅ ወደ ድምፅ ፈጠን ብለን እናጌጣለን፣ ሐረጉንም መነሻው ላይ እናሳርፋለን። ሮክ አንዱን ድምፅ ይዞ ክሩን እየገፋ ወደ ሌላው ያደርሰዋል፣ እዚያም ያንቀጠቅጠዋል። በዲና በኢ መካከል ያለችውን ኢ ፍላትም እያለፈ ይነካታል። እሷ ባቲ ውስጥ የለችም፣ የብሉዝ ጠባይ የምታመጣው ግን እሷ ናት።

እንዲህ ሞክሩ። ሦስተኛውን ክር ሰባተኛ ፍሬት ላይ በቀለበት ጣት ያዙ፣ መካከለኛውና አመልካቹ ከኋላ ይደግፉት። ክሩን ወደ ላይ ግፉት፣ ድምፁ ሁለተኛው ክር አምስተኛ ፍሬት ላይ ካለው ኢ ጋር እኩል እስኪሆን። መጀመሪያ ኢውን አሰሙ፣ ከዚያ ግፉ፣ ከዚያ እንደገና አሰሙና አመሳክሩ። ለጥቂት ቀን ሌላ ሳትጨምሩ ይህንን ብቻ ሥሩ። ከዚያ በዚያው በሦስተኛው ክር ስምንተኛው ፍሬት ላይ ያለችውን ኢ ፍላት አስገቡ፣ ግን አትቆዩባት። በመጨረሻ በስልካችሁ ቅዱትና ከዋናው ቅጂ ጎን አጫውቱት። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው ክሩ ኢ ላይ ሳይደርስ መመለሱ ነው።