ታንክ ስንጠብቅ የሚያመልጡን

ደሴ ፒያሳ ቡና ላይ ስለ አምባገነን መንግሥት ሲወራ ሰው ሁሉ የሚያስበው ታንክና የሬዲዮ ማርሽ ነው። ዴሞክራሲ ሲፈርስ እንዳናይ ከሚያደርጉን ስህተቶች የመጀመሪያው ይሄ ነው። በዚህ ዘመን ዴሞክራሲን የሚያፈርሱት ብዙ ጊዜ በምርጫ የመጡ ሰዎች ናቸው። ሃንጋሪ ውስጥ የቪክቶር ኦርባን ፓርቲ እ.ኤ.አ. በ2010 ሁለት ሦስተኛውን የምክር ቤት ወንበር በምርጫ አሸነፈ። በዓመቱ አዲስ ሕገ መንግሥት አጸደቀ፤ ከዚያ የምርጫ ሕጉን፣ ፍርድ ቤቱንና ሚዲያውን አንድ በአንድ ወደ እጁ አስገባ። ጥይት አልተተኮሰም።

«አዋጅ ወጥቶለት የለ?» ብሎ ማለፍም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 የጀርመን ፓርላማ ሕግ የማውጣት ሥልጣኑን ለሂትለር መንግሥት ያስረከበው ድምፅ ሰጥቶ ነው። እኛም ዘንድ በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ በመብት ጉዳይ የሚሠሩ ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከገቢያቸው 10 በመቶ እንዳይበልጥ ገደበ፤ ብዙዎቹ ሥራቸውን አቆሙ። በዓመቱ በተደረገው ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን ወሰዱ። አዋጁ እስኪቀየር 2011 ደረሰ።

ከሁሉ የከፋው ግን ጋዜጠኛ ሲታሰር «ከነገሩ ጦም እደሩ» ማለት ነው። ይህን ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። በ1965 ገበሬው ከየቀዬው ወጥቶ መኪና መንገድ ዳር ሲወድቅ፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ወሬው እንዳይሰማ ይጥር ነበር። ረሀቡን በኋላ ያጠናው ኢኮኖሚስት አማርትያ ሴን፣ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ፣ እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና አስመራ ይወጣ እንደነበር አሳይቷል። አዝመራውና ከብቱ ያለቀበት ገበሬ ያጣው መግዣውን ነው፤ ጩኸቱን የሚያሰማለትም አላገኘም። ንጉሡን በዚሁ ድብቅነት የከሰሰው ደርግ ደግሞ፣ በ1976 መጨረሻ ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ሽርጉድ ሲል ሌላ ረሀብ ደበቀ። ኮረም ላይ የወደቀውን ሕዝብ ዓለም ያየው በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው። ነጻ ጋዜጣና ምርጫ ባለበት አገር እንዲህ ያለ እልቂት አይደርስም የሚለው የሴን ድምዳሜ የእኛን ሙታን ይመለከታል።

«ለጊዜው ነው» ሲባሉ ቀኑን ይጻፉ። ጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ ጊዜያዊ ሆኖ 13 ዓመት ያህል ገዝቷል። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 93 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅን ከ6 ወር አያሳልፍም፤ ማራዘም የሚቻለው ምክር ቤቱ በየ4 ወሩ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲያድሰው ብቻ ነው። ቀኑ ሲደርስ ተወካይዎን ደውለው ይጠይቁ።

የሚታሰረው ተቃዋሚያችን ሲሆን ማጨብጨብም አለ። በዚህ ላይ ብዙ ማለት አያሻም፤ ዛሬ ለእሱ የተከፈተ እስር ቤት ነገ አይዘጋም።

ተስፋ መቁረጥም ስህተት ነው። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2024 ፕሬዚዳንቱ በሌሊት ወታደራዊ አዋጅ ሲያውጁ ሕዝቡ ምክር ቤቱ ደጃፍ ተሰበሰበ፤ አንዳንድ ተመራጮች አጥር ዘለው ገቡ፤ 190 ሆነው አዋጁ እንዲነሳ ወሰኑ። ሳይነጋ ተነሳ።

ይህ ድፍረት የሚለመደው ከሰፈር ነው። ቅሬያችን (የሰፈር ዕድራችን) ውስጥ ሰብሳቢው ያለ ምርጫ ዓመት ሲጨምር፣ ሒሳቡ ሳይነበብ ስብሰባ ሲበተን «ይሉኝታ ነው» ብለን እናልፋለን። በሚቀጥለው ስብሰባ ሰብሳቢው በድምፅ ይመረጥ፣ ሒሳቡም ቅሬተኛው ፊት ይነበብ ብለው ይጠይቁ፤ ጎረቤትዎ ሲጠይቅም ብቻውን አያስቀሩት።